ሁለት ጣት ጎደለ

ሸዋ በር፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ገና ሳያበቃ፣
የሱቄ በር ተከፍቶ እጄ ግን ሳይነቃ፣
ወይዘሮ ጦይባ ሙሄ ገቡ፤
በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ብብታቸው ሥር ደብቀው።
«ፍሬም» አሉኝ። ተቀመጡ።
የጫማቸውን ጭቃ ደጃፌ ላይ አራገፉ።

ጥቅሉን ዘረጋሁት፤
አራቱን ጥግ በመዶሻ፣ በሜትር፣ በሙጫ ጣሳ፣ በሻይ ብርጭቆ ተጫንሁት።
አበባ ነው።
ግን እንዴት ያለ አበባ! ከጨለማ መሀል ተገፍቶ የወጣ፣
ማንም ሳይለኩሰው እንደ ፋኖስ በርቶ የመጣ።
ጽጌረዳው በገዛ ክብደቱ አንገቱን ጥሎ፣
ነጩ ደግሞ፣ ስሙን የማላውቀው፣ አፉን ከፍቶ ሊናገር ብሎ
የረሳው ይመስላል።
በብርጭቆው ማሰሮ ሆድ ላይ ጥፍር የምታህል መስኮት አለች፤
የሠዓሊው ቤት መስኮት ናት፤ ሰማይ ይዛለች።
ከመስኮቷ ማዶ ያን ዕለት ማን አልፎ ይሆን?
ገበያተኛ? ባለዕዳ? ዝናብ የያዘው ሰው?
መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ፤ መልሼ አደረግሁ።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አሉ ወይዘሮ ጦይባ፣
«ቀንና ሌት ያተምሁት አበባ።
ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ማተሚያ ክፍል፣ ሦስተኛው ሮለር ላይ ቆሜ።
ስንቱ ሰው የተኛበት አንሶላ፣ ስንቱ የጋረደው መጋረጃ፣
በዓይኔ ሥር አልፏል፣ በዕድሜዬ።
የኛ አበባ በየስልሳ አራት ሳንቲው ይመለሳል፤
ያው ቅጠል፣ ያው እንቡጥ፣ ያው ቀይ።
ቤቴ ገብቼ ስተኛም ይመለስብኝ ነበር።
ይኼን ግን ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁት፤
ሁለት አንድ ዓይነት ቅጠል አጣሁበት።»

ከዚያ ጎንበስ አሉ፤ በጥፍራቸው ጫፍ፦
«ቀይዋ ግን ወጥታለች። ፀጉር ታህል፣ ወደ ግራ።
አታሚው ወይ እንቅልፍ ጥሎታል፣ ወይ ቤቱ ተጣልቶ መጥቷል።»
አጉሊ መነጽር አመጣሁ። እውነት ነው፤
ከጽጌረዳው ከንፈር ላይ ቀጭን ቀይ ጥላ ፈስሷል፣
ቀለም የምትኳል ልጅ እጇ እንደ ሳታት።
«የገዛሁት ስለሷ ነው» አሉ።
«የሣለው ሩቅ ነው፣ አልደርስበትም።
ያተመው ግን የኔ ቢጤ ነው።»

ለካሁ። እንጨቴን አወጣሁ። ጥድ ነው፣ የመጨረሻው፤
ከቋሚዎቹ አንዱ ሁለት ጣት ጎደለ።
እንጨት እስከ ሳምንት አይመጣም፤ እሳቸው ዛሬውኑ ይሄዳሉ።
«ከታች ልቀንሰው? ባዶ ጠረጴዛ ነው፣ ጥቁር፤ ማን ያየዋል?»
«ጉንዳኗስ?»
«የቷ ጉንዳን?»

ከረገፈው ቅጠል አጠገብ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ፣
አንዲት ጉንዳን፤ አንድ እግሯን አንስታ፣
በላይዋ ያ ሁሉ ሲፈነዳ ቀና ብላ ያላየች፣
የራሷ ጉዳይ ያለባት፣ የቸኮለች።
ከሷም ከፍ ብሎ ትል የበላው ቅጠል፤
ቀዳዳው አልተደፈነም፣ አልተሸሸገም።
ጽጌረዳ ማብራት የሚችል እጅ
ለአንድ ቀዳዳ ስንት ቀን ሰጠ?
መጋዙን አስቀመጥሁ።

ከቁርጥራጩ ክምር ሁለት ጣት ዋንዛ ፈለግሁ፤
በጥዱ ጫፍ ቀጠልሁ፣ በሙጫ፣ በሁለት ሚስማር።
አሸት አሸት አደረግሁት፣ ቀለም ቀባሁት፤ አልሆነም።
ዋንዛ ዋንዛ ነው፣ ጥድም ጥድ።
ልክ በጉንዳኗ ትይዩ መጋጠሚያው ይታያል።
ወይዘሮ ጦይባ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤
«ያንተም ወጥታለች» አሉ።
ሳቅን። ሒሳብ ልቀንስ ብል እምቢ አሉኝ።

መናኸሪያ ድረስ ተሸክሜ ሸኘኋቸው።
የኮምቦልቻ ሚኒባስ ረዳት ከሩቅ ጮኸ፦ «ዕቃ ላይ ይጫናል!»
«ዕቃ አይደለም» አሉት፤
ከጎናቸው ወንበር ላይ አቆሙት፣ በመስኮቱ በኩል፤
የሁለት ሰው ከፈሉ።

ሱቄ ተመልሼ የጥዱን ፍቅፋቂ ስጠርግ አሰብኋቸው፤
ይኼኔ ሐረጎን እየወረዱ ነው፤
በየኩርባው ገደሉ፣ ባሕር ዛፉ፣ የሰው ቤት ቆርቆሮ
በመስታወቱ ጥቁር ላይ ይገባል፣ በአበቦቹ መሀል ያልፋል፣ ይወጣል፤
ከታች ጉንዳኗ፣ አንድ እግሯን እንዳነሳች፣
ሳትከፍል።